ባለ ቀይ ኮርቻው ዳኛ

በእኛ በሸዋ ምድር የሚከበረው ሰው አይደለም፤ ኮርቻ ነው! ሰውየው ኮርቻውን ዝናብ እንዳይመታው ከላይ የተደረበ ነገር ነው። አታምኑኝም? እስቲ ነገ በእግራችሁ አንኮበር ውጡና የአንዱን ትልቅ ሰው በር ጠባቂ «ጌታው አሉ?» በሉት። «የሉም» ይላችኋል። ከነገ ወዲያ ደግሞ ባማረ ኮርቻ ተቀምጣችሁ ሂዱ። ገና አፋችሁን ሳትከፍቱ «አሉ፣ አሉ፣ ይግቡ!» ይላችኋል። ጌታው የት ሄደው ነበር፣ ከየትስ መጡ? የትም አልሄዱም። የመጣችው በቅሎ ናት።

ይህን በዓይኔ አየሁ አልላችሁም። በመቀመጫዬ ነው ያየሁት!

ነገሩ የሚጀምረው ከአንዲት የገብስ ማሳ ነው። ከደብረ ብርሃን ወጣ ብላ አባቴ ያወረሱኝ ማሳ አለች... አለች ልበል፣ ነበረች ልበል? ቆይ፣ አትቸኩሉ። የምንበላው ከእርሷ ነው፤ ሌላ መሬት የለንም። ይህችኑ ማሳ የአጎቴ ልጅ ዘለቀ «የኔ ናት» ብሎ ከሰሰኝ። ዘለቀን ባታውቁት ይሻላችኋል። በማሳዎቻችን መካከል የድንበር ድንጋይ አለ፤ ይህ ድንጋይ በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ ወደ እኔ ጠጋ ይላል። «ዘለቀ፣ ይህ ድንጋይ ምን ሆኖ ነው?» ስለው፣ «ጎርፍ ነዋ!» ይለኛል። የእኔ ማሳ ያለችው ከላይ፣ የሱ ማሳ ያለው ከታች ነው። ሽቅብ የሚወጣ ጎርፍ እንግዲህ እኛ አገር አለ።

ለሙግቱ የሚጎድለኝ ነገር አልነበረም። ድንጋዩ ዱሮ የት እንደ ተተከለ የሚያውቁ፣ ጥርሳቸው ያለቀ ትዝታቸው ግን ያላለቀ ሽማግሌዎች ምስክሮቼ ናቸው። ቀጠሮው ለአንኮበር ችሎት ተቆረጠ። ንጉሡ ወደ እንጦጦ ካዘነበሉ ወዲህ አንኮበር ቀዘቀዘ ይባላል እንጂ ችሎቱስ እንደ ጋለ ነው። ሕጉም አጭር ነው፤ ዳኛው ከወንበራቸው ሳይነሡ ያልቀረበ ሰው ተረታ። በቃ። ከእኔ የሚጠበቀው ሄዶ መቆም ብቻ ነበር።

ነገር ግን ሰው እውነት ብቻ ይዞ ችሎት ይገባል? ራቁትን መግባት አይደለም እንዴ! ባለቤቴ አስካለ በዚህ አትስማማም።

«እውነት አለዎት፣ ምስክር አለዎት» አለችኝ። «ከእንግዲህ መሄድ ነው እንጂ ምን ቀረዎት?»

«በዚህ ኮርቻ?»

«የሚሟገቱት አንቱ ነዎት ወይስ በቅሎዋ?»

ሴት ነገር አይገባትም ብዬ ተውኳት። ዛሬ ይህን ስጽፍ ከትከሻዬ በላይ ሆና እያየች እንዳልሆነ ዘወር ብዬ አረጋግጫለሁ።

ደብረ ብርሃን ላይ ገብሬ የሚባል ኮርቻ ሠሪ አለ። እጁ ወርቅ ነው፤ ምላሱ ግን ከእጁ ይበልጣል። በቅሎዬን ቦራን ይዤ ሄድኩ። ገብሬ ኮርቻዬን ዞሮ አየና ነጠላውን ከትከሻው ዝቅ አደረገ።

«ነፍስ ይማር» አለኝ።

«ኧረ! ማን ሞተ?»

«ኮርቻው ነዋ፣ ጌታዬ!»

በዚያች ቀን ነው የጠፋሁት። መሳደቡን ሰምቼ መቆጣት ሲገባኝ «ጌታዬ» ማለቱን ብቻ ሰማሁ። ሰው ጌታዬ ሲለኝ የመጀመሪያዬ ነበር።

ስለ ዋጋው አንነጋገር። ብቻ ከሁለቱ በሬዎቼ አንደኛው ገብሬ በረት ገባ። ብልሃቴን አያችሁልኝ? ማሳዋን ለማዳን ማሳዋን የሚያርሰውን በሬ ሰጠሁ!

ገብሬም ሥራውን ጀመረ። መቀመጫው የመንዝ በግ ጠጕር ተጠቀጠቀበትና ባሕር ዐረብ በሚባል ቀይ ቆዳ ተለበጠ፤ ያን የመሰለ ለስላሳ ቆዳ እንኳን ልቀመጥበት ነክቼም አላውቅ። የኋላ መደገፊያው ከፍ አለ። ዙሪያውን ዘርፍ ተንጠለጠለ። ከቀኝ ጉልበቴ አጠገብ ደግሞ አንዲት ጠባብ ኪስ ተሰፋች።

«ይቺ ለምንድን ናት?»

«ለዋንጫ ናት። ታላላቅ ሰዎች መንገድ ላይ ይጠማቸዋል።»

እኔ እስከዚያ ቀን መንገድ ላይ ተጠምቼ አላውቅም ነበር፤ ብጠማም ወርጄ ከምንጩ እጠጣለሁ። ኪሷን ካየሁ በኋላ ግን ይጠማኝ ጀመር። የቀንድ ዋንጫ ይዤ መጣሁ።

«እንግዲህ የቀረን ልጓሙ ነው» አለ ገብሬ።

«ልጓሙ ደግሞ ምን ሆነ? ይይዛል።»

«ይይዛል! ጌታዬ፣ እርስዎ በቅሎዋን ሊጎትቷት ነው ወይስ ሊያዟት?»

አሁን ይህን ጥያቄ ምን ብላችሁ ትመልሱታላችሁ? «ልጎትታት ነው» የሚል ጌታ የት አለ! አዲስ ልጓም ተሠራ። ዛቡ፣ መሳቢያው ጠፍር ማለቴ ነው፣ ቀጭን ነው፤ ጫፉ ላይ ከጎሽ ቀንድ የተጠረበች፣ መዳፍ ውስጥ ልክክ የምትል ድቡልቡል መያዣ አለች። ሲወለውሏት ፊት ታሳያለች።

«ይህችን በቀኝ እጅዎ ይይዛሉ» አለኝ ገብሬ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ምሥጢር እንደሚነግር ሰው። «ትንሽ ላላ ሲያደርጓት ሶምሶማ ነው። ጨመር አድርገው ሲያላሏት ደንገላሳ። ጨርሰው ሲለቋት ሽምጥ! ከፍ ሲያደርጓት ደግሞ... ቀጥ!»

ቦራን ስለማታውቋት ነው ይህ የማይደንቃችሁ። ቦራ በዕድሜዋ የምታውቀው አንድ አካሄድ ብቻ ነው፤ የራሷን። ከተነሣች ማቆም የለም። አንድ ጊዜ ለቅሶ ልደርስ ተቀምጫት ለቅሶ ቤቱን አልፋ ሠርግ ቤት አግብታኛለች፤ እኔም እያለቀስኩ ስለነበር ሙሽራው ዘመድ መስዬው አቅፎ አጽናናኝ። ይህችው ቦራ በአዲሱ ልጓም፣ እጄን ከፍ ሳደርግ... ቀጥ! እንደ ገና ከፍ... ቀጥ! ደስታዬን አልቻልኩትም። ግቢዬ ውስጥ ስነሣና ስቆም ዋልኩ።

አስካለ ከደጃፍ ሆና ስታየኝ ቆይታ፣ «መቼም ለመቆም ይህን ያህል የተለፋባት በቅሎ አላየሁም» አለችና ገባች።

የቀጠሮው ቀን ጎህ ሲቀድ ተነሣሁ። ሽማግሌዎቹ ምስክሮቼ ከዋዜማው ጀምረው ምርኩዛቸውን ይዘው በእግራቸው ሄደዋል። አዘንኩላቸው! እኔ ግን ሰጋር በቅሎ አለኝ፤ እንኳን ችሎቱ ሳይነሣ፣ ዳኛው ምሳ ሳይበሉ እደርሳለሁ አልኩ።

ከመንደሬ እንደ ወጣሁ አንድ ገበሬ ቀይ ኮርቻዬን አየና ከመንገድ ወርዶ፣ ነጠላውን አደግድጎ፣ መሬት እስኪነካ እጅ ነሣኝ። ወዳጆቼ፣ እኔን ማንም እጅ ነሥቶኝ አያውቅም። ልቤ ሞቀ። እጅ የተነሣ ሰው ደግሞ አጸፋ ይመልሳል፤ እኔም ቀኝ እጄን ከፍ አደረግሁ... ቀጥ! ግንባሬ የቦራን ጋማ ሳመ።

ገበሬው ጌታ ለሱ ሲል በቅሎ ሲያቆም ምን ያድርግ? ተጠጋ። የእኛን አገር ሰላምታ ታውቁታላችሁ! እንዴት አደሩ፣ ቤተሰቡ እንዴት ነው፣ ከብቱ እንዴት ነው፣ አዝመራው፣ ዝናቡ፣ እንደ ገና ቤተሰቡ... በመጨረሻ ወዲያ ወዲህ ተመለከተና፣ «አሽከሮችዎ ወዴት አሉ?» አለኝ።

«ከኋላ እየመጡ ነው።»

«እንግዲያ እስኪደርሱ ብቻዎን አልተውዎትም» ብሎ እግሩን አንሰራፍቶ ቆመ! የሌሉ አሽከሮቼን አብረን ጠበቅን። በስንት ልመና ተላቀቅን።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ሁሉ እንዲሁ ሆነ። የገበያ ሰው ያደገድጋል፣ እኔ እጄን አነሣለሁ፣ ቦራ ቀጥ! ቄስ ያልፋሉ፣ መስቀል ልሳለም እጄን እዘረጋለሁ፣ ቀጥ! ዝንብ አረፈችብኝ፣ ቀጥ! «በግራ እጅህ ለምን አትመልስም?» ትሉ ይሆናል። አንደኛ፣ በግራ እጅ ሰላምታ የሚሰጥ ጌታ አላየሁም። ሁለተኛ፣ ግራ እጄ ሥራ ላይ ነበር፤ ቦራ ቀጥ ባለች ቁጥር ከኪሱ እየዘለለ የሚወጣውን ዋንጫ ይዟል።

ወርጄ በእግሬ ብሮጥ እደርስ ነበር። አስቤውም ነበር። ግን ያንን ኮርቻ ለማን ትቼ?

ጀምበር አናት ላይ ስትወጣ ከአንድ ዳገት ሥር ሁለት ሰዎች ብቅ አሉ። የነጠላቸው ጫፍና ጫፍ ተቋጥሯል፤ ተቆራኝተው ነው። በእኛ አገር የተጣሉ ሰዎች እንዲህ ተቋጥረው መንገድ ዳር ይቆሙና አላፊ አግዳሚውን «በንጉሥ አምላክ ዳኘን!» ይላሉ። ይህን የተባለ ሰው ደግሞ አልዳኝም ብሎ ማለፍ አይችልም፤ በንጉሡ ስም ማሾፍ ይሆንበታላ። ዱሮ በአሮጌው ኮርቻ ስሄድ ማንም ይዞኝ አያውቅም ነበር። አጠገባቸው ሳልፍ «ዛሬ መንገዱ ሰው የለበትም» ይባባሉ ነበር።

ዛሬ ግን ገና ከሩቅ አዩኝ። ነገሩ ስለገባኝ ዛቡን ጨርሼ ለቀቅሁ፤ ሽምጥ! ነፋሱ ጆሮዬ ላይ ፏጨ፤ ገብሬን መረቅሁት፤ ላልፍ ነው፤ አለፍኩ... ሲያዩኝ ሁለቱም ዝቅ ብለው እጅ ነሡ። እጅ የለመደውን አይረሳም።

ቀጥ!

«በንጉሥ አምላክ ዳኘን!»

ከሳሹ አበጋዝ፣ ተከሳሹ ደምሴ ይባላሉ። ሁለቱም አንድ አንድ በሬ ነው ያላቸው፤ በሬዎቻቸውን ጠምደው ተራ በተራ ሊያርሱ መቀናጆ ገቡ። ቀን ቆርጠው ሲያበቁ ደምሴ በሬውን ይዞ የመጣው ግማሽ ቀን አልፎ ነው። ነገሩ ይኸው ነው። እነሱ ግን እንዲህ ባጭሩ ሊነግሩኝ ነው? «በላ ልበልሃ!» «ተጠየቅ!» እየተባባሉ፣ እየዘለሉ፣ ነጠላቸው እያሰረ መልሶ እያላተማቸው፣ ነገሩን ከአያት ቅድመ አያታቸው ጀመሩልኝ። እኔ የማየው ጀምበሯን ነው። እሷ እንደሆን ልጓም የላትም!

«አንተ ለምን ዘገየህ?» አልኩት ደምሴን፣ ጣልቃ ገብቼ።

«ጌታዬ፣ በሬዬ መንገድ ላይ ቆመብኝ። ብስበው እምቢ፣ ብገፋው እምቢ...»

ለማዳመጥ ጊዜ አልነበረኝም። እርካቤን ረግጬ ብድግ አልኩና ተራራው እስኪመልስ ድረስ ጮህኩ።

«ቀጠሮ ያለው ሰው፣ እንስሳው ቢቆምበት፣ እንስሳውን ትቶ በእግሩ ይመጣል! ተረትተሃል፤ አንድ በግ ክፈል!»

«ኧረ ጌታዬ፣ የተቀጠርኩት እኮ በሬውን ላመጣ ነው! በሬውን ትቼ መጥቼ እኔው ልጠመድ?»

«ተፈርዷል!»

«እንግዲያው ይግባኝ!» አለ ደምሴ።

ይግባኝ ከተባለ የመንገድ ዳኛው ራሱ ከባለጉዳዮቹ ጋር ሄዶ፣ በላይኛው ዳኛ ፊት ቆሞ «እንዲህ ብዬ ፈረድኩ» ማለት አለበት። የላይኛው ዳኛ ደግሞ ያለው አንኮበር ነው። የተቋጠሩ ሁለት ሰዎችን ከኋላዬ አስከትዬ መንገድ ጀመርኩ። ጥዬአቸው እንዳልሮጥ በንጉሥ ስም ተይዣለሁ፤ እንዳይፈጥኑ አንዱ ሲራመድ ሌላው ለመከራከር ይቆማል። ይባስ ብሎ አሁን አሽከር አስከትዬ የምሄድ መሰልኩ፤ የሚያደገድገው ሰው እጥፍ ሆነ። ቀጥ! ቀጥ! ቀጥ!

የአንኮበርን ዳገት ስጨርስ ጀምበር አዘቅዝቃ ነበር። ችሎቱ አደባባይ ላይ ነው። ዳኛው ገና አልተነሡም፤ ካባቸውን ግን ሰብስበዋል። ዘለቀ መሐል ላይ ቆሞ «ባላጋራዬ ቀረ፣ ይፈረድልኝ» ሊል አፉን ከፍቷል። ምስክሮቼ ጥግ ላይ ተደርድረው እንቅልፍ ይዟቸዋል፤ አንዱ ነቅቶ አየኝና ጎኑ ያለውን ጎሸመው።

«ይህ ሰውዬ ሽበሺን አይመስልም?»

«ወግድ! ሽበሺ ያንን ኮርቻ ከየት አባቱ ያመጣል!»

ዳኛው ቀይ ኮርቻውን አዩ፤ የተከተሉኝን ሁለት ሰዎች አዩ። ከወንበራቸው ከፍ ብለው፣ «ጌታው፣ እንኳን ደህና መጡ! ወዲህ ይቀመጡ» ብለው ከጎናቸው ምንጣፍ አስነጠፉልኝ። እኔ ሽበሺ፣ የአንድ በሬ ጌታ፣ ከዳኛው ጎን ተቀመጥኩ! ዘለቀ አየኝ። ፊቱ አመድ መሰለ፤ የከፈተው አፍ ተከፍቶ ቀረ። ዳኛው ዘመዴ መስለውት ነው። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በዚያች ሰዓት ብድግ ብዬ «ማሳው የኔ ነው» ብል ድንጋዩን ተሸክሞ ወደ ቦታው ይመልስልኝ ነበር። ገብሬ፣ በሬው ይባረክልህ አልኩ በልቤ።

ምነው ያኔ ብናገር! ነገር ግን ደምሴ ቀደመኝ።

«ይግባኝ አለኝ!»

«ማን ፈረደብህ?»

«እኒህ ከጎንዎ ያሉት ጌታ።»

ዳኛው ፈገግ አሉልኝ። «እስቲ ፍርድዎን እንስማው።»

አጠር አድርጌ መናገር እችል ነበር። ግን አደባባዩ ሙሉ ሰው ያየኛል፤ ማነው በዚህ ጊዜ የሚያሳጥር? ተነሣሁ፣ ቀኝ እጄን አነሣሁ፤ ቦራ ከታሰረችበት ሣር ማኘኳን አቆመች።

«ቀጠሮ ያለው ሰው፣ እንስሳው ቢቆምበት፣ እንስሳውን ትቶ በእግሩ ይመጣል!»

አደባባዩ «እሰይ!» አለ። ዳኛው ጭናቸውን መቱ። «ግሩም ፍርድ ነው! አጽንቼዋለሁ። ምክንያት ለሚደረድር ሁሉ መልሱ ይኸው ነው።»

ይህን ጊዜ ዘለቀ ፊቱ መለስ አለ። የሱ ጎርፍ ሽቅብ መውጣት እንደሚያውቅ ነግሬአችሁ የለ?

«ጌታዬ፣ የኔም ነገር በዚሁ ፍርድ ይለቅልኝ። ባላጋራዬ ከጧት ጀምሮ ቢጠራ ቢጠራ አልቀረበም። ሽበሺ ይባላል።»

ዳኛው ወደ እኔ ዘንበል አሉና በጆሮዬ፣ «እንዲህ ያለው ቀጠሮ የማያከብር ባለጌ ነው አገር ያስቸገረን። አይደለም ጌታው?» አሉኝ።

«ነው» አልኩ። ምን ልበል?

«ሽበሺ የሚባል አለ?» ብለው ጮኹ።

ምስክሬ እንደ ገና ጎኑ ያለውን ጎሸመው። ማሳዋ በዓይኔ ላይ መጣች፤ አባቴ መጡብኝ፤ አስካለ መጣችብኝ። ከምንጣፉ ላይ ቀስ ብዬ ተነሣሁ።

«እ... ሽበሺ እንኳ እኔ ነኝ።»

ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» እንዲህ በቶሎ የሚወረድ መሆኑን አላውቅም ነበር። ከቦራ ጀርባ እንኳ ስወርድ ከዚያ የበለጠ ጊዜ ይወስድብኛል።

«አንተ! ለምን ዘገየህ?»

«ጌታዬ፣ በቅሎዬ... መንገድ ላይ... እየቆመችብኝ...»

ከኋላ የደምሴ ድምፅ ተሰማ፤ ቀስ ብሎ፣ እያጣጣመ። «ቀጠሮ ያለው ሰው፣ እንስሳው ቢቆምበት...»

አደባባዩ ሁሉ ባንድ አፍ ጨረሰለት። «...ትቶ በእግሩ ይመጣል!» ከሁሉ የከነከነኝ ምስክሮቼም አብረው ማለታቸው ነው። በእግራቸው የመጡ ናቸዋ!

ዳኛው ገና ስላልተነሡ በሕጉስ ደርሼ ነበር፤ በጸናው በራሴ ፍርድ ግን ማሳዋ ለዘለቀ ተፈረደች። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ሲባል እሰማ ነበር፤ ቁናውን ራሴ ተሸክሜ፣ በቀይ ኮርቻ ጭኜ፣ ከደብረ ብርሃን አንኮበር ድረስ ማድረሴ ግን አንገበገበኝ። ደምሴ ሲሰናበተኝ፣ «እኔስ የከሰርኩት አንድ በግ ነው፤ ይህን ለማየት ሁለትም በግ እከፍል ነበር» አለኝ። ዳኛው ደግሞ ሲነሡ ወደ ቦራ ጠጋ ብለው የኮርቻውን ቆዳ ዳሰስ ዳሰስ አደረጉ።

«ኮርቻው ግን ያምራል። ማነው የሠራልህ?»

ነገርኳቸው። ሰሞኑን ገብሬ ለሳቸው እየሠራ ነው አሉ።

ስመለስ ቦራ አንድ ጊዜ እንኳ አልቆመችም። እጄን ለሰላምታ የማነሣበት ፊት አልነበረኝማ! አስካለ ደጃፍ ላይ ጠበቀችኝ። አንድ ሳላስቀር ነገርኳት። ትጮኻለች ብዬ ነበር፤ አልጮኸችም። ኮርቻውን ዞረችው። መቀመጫውን በመዳፏ ጫን ጫን አደረገችው፣ ዘርፉን ሳበችው፣ የዋንጫዋን ኪስ ከፍታ አየች፤ ከዳር እስከ ዳርም በስንዝር ለካችው።

«ምን ታደርጊያለሽ?» አልኳት።

«ዘንድሮ ገብሱን እዚሁ ላይ እንዘራዋለን» አለች። «ለዚህች ለዚህችስ የቀረን አንድ በሬ ይበቃታል።»